ኢሜይልና አክብሮት፦ ተረቱና እውነታው

አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ካሉት የኮፒና የጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ሥራ ፈላጊ ሲቪውን በፍላሽ ይዞ ይገባል። “ለዚህ አድራሻ ላኪልኝ” ይላል። ጸሐፊዋ ፋይሉን አያይዛ ትልካለች፤ ርዕስ የለው፣ ሰላምታ የለው። ከኮፒ ቤቱ ኢሜይል ከተላከ ደግሞ መልሱ የሚመጣው ለባለጉዳዩ ሳይሆን ለኮፒ ቤቱ ነው። ጥሪ ሲቀር “በዘመድ ነው የሚቀጥሩት” ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ግን ኢሜይሉ ማን እንደላከውና ለምን እንደላከው አይናገርም።

“ኢሜይል የፈረንጅ ነገር ነው፤ ደንቡን አናውቀውም” የሚለው ተረት ነው። ወረዳ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ለማን እንደሆነ፣ ጉዳዩ፣ ከታች ስምና ስልክ፣ ካስፈለገም ግልባጭ። ኢሜይል የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

አክብሮት በርዝመት ይለካል የሚሉም አሉ። ግማሽ ገጽ ሰላምታ በስልኩ ለሚያነብ ሰው ድካም ነው። “ጤና ይስጥልኝ” ብሎ ወደ ጉዳዩ መግባት ይበቃል። አንቱታው ግን አይቅር፤ የማያውቁትን ሰው “አንተ” ማለት በኢሜይልም ያው ድፍረት ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ የስም ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ “ሚስተር” ወይም “ሚስ” ብሎ የመጨረሻውን ስም ማስከተል ጨዋነት ይመስላል። የእኛ የመጨረሻ ስም ግን የአባት ወይም የአያት ነው። አልማዝ ከበደ የምትባል ሴት “ሚስ ከበደ” ስትባል የተጠሩት አባቷ ናቸው። ትክክሉ ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት አልማዝ ነው። ለውጭ ሰው የምትጽፍ ከሆነ ከስሟ ሥር “አልማዝ ብለው ይጥሩኝ” ብትል ሁለቱም ከማፈር ይድናሉ። ቀጠሮም እንዲሁ ነው፤ “3 ሰዓት” የተባለ እንግዳ ከቀትር በኋላ ሊመጣ ይችላል። “ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእናንተ 9 ሰዓት” ብሎ መጻፍ ነው።

አማርኛ በኢሜይል ሲላክ ሳጥን ሳጥን ይሆናል የሚባለው ድሮ እውነት ነበር፤ እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ተራ ስማርትፎን ሁሉ ያነበዋል። አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፉ አንባቢን ማስጨነቅ ምክንያት የለውም። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ካለ ግን ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ይሻላል።

“እምቢ ከማለት ዝም ማለት ይሻላል” የሚለውን ይሉኝታ ብዙ መሥሪያ ቤት ያምንበታል። ፊት ለፊት ዝምታ ከፊት ይነበባል፤ በኢሜይል ግን ላኪው መልእክቱ መድረሱን እንኳ አያውቅም፣ ሳምንታት ስልኩን እያየ ይጠብቃል። “ደርሶናል፤ ቦታው ግን በሌላ ሰው ተይዟል” ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አመልካቾቹ ብዙ ከሆኑ አንድ መልእክት ይበቃል፤ አድራሻዎቹ ግን ስውር ግልባጭ (Bcc) ውስጥ ይግቡ፣ አለዚያ እያንዳንዱ አመልካች የሌሎቹን ሁሉ አድራሻ ያያል።