በደቦ የሚወጣው ግጥም ባለቤቱን ያግኝ

በገጠር ግጥም የሚወጣው በአብዛኛው ከሥራ ጋር ነው። በአጨዳና በውድማ ላይ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል፤ ጎበዙ ይወደሳል፤ ሰነፉም አይቀርለትም። ሆኖም ስለማይጻፍ አውጪው ሲያልፍ ግጥሙም ያልፋል። አለዚያም ከተማ ገብቶ የሌላ ሰው ዘፈን ይሆናል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ገበሬዎችን ፊደል አስቆጥሯል። በዚያው ዘመን በየገበሬ ማኅበሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም ለመንደር ገጣሚ መድረክ ነበሩ፤ መፈክር ቢበዛባቸውም።

ዛሬም መድረክ ለመክፈት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የማኅበር መሪዎች በጠቅላላ ጉባኤ ዕለት ለገጣሚዎች ግማሽ ሰዓት ቢሰጡ፣ ያውም ከሪፖርቱ በፊት (ከሪፖርቱ በኋላማ ማን ይቆያል?)፣ አንድ ተማሪም በደብተር እንዲመዘግብ ቢያደርጉ ይበቃል። የአውጪው ስም፣ መንደሩና ቀኑ አብሮ ይጻፍ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ጥበቃ የሚሰጠው ወጥ ለሆነና በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በሌላ መንገድ ለተቀረጸ ሥራ ነውና፣ ያ ደብተር ለገጣሚው ማስረጃ ይሆነዋል።

መሪውን የሚነካ ስንኝ ሲመጣም መዝጋቢው እንዲዘለው አይታዘዝ። ደብተሩ ከማኅበሩ መዛግብት ጋር ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ግልባጩም ለቀበሌው ትምህርት ቤት ይሰጥ።