ቀይ ሸራ ያላት አሮጌ ጀልባ

አንባቢ ሆይ፣ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በሐይቅ ዳር ሲዘዋወሩ ቀይ ሸራ የሰቀለች ትንሽ ጀልባ ቢያዩ፣ «ሚረር» የምትባለው ሳትሆን አትቀርም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ጃክ ሆልት የተባለው የጀልባ ነዳፊና በቴሌቪዥን የእጅ ሥራ ያስተምር የነበረው ባሪ ባክኔል ነደፏት፤ ስሟንም ያገኘችው ከዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ነው። ሐሳቡ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው ከሀብታሙ እኩል በሸራ እንዲጓዝ ነበር። ስለዚህ ተቆርጦ በተዘጋጀ ኮምፔርሳቶ መልክ በ63 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ትሸጥ ጀመር። ገዢውም ቁርጥራጩን በቤቱ በመዳብ ሽቦ እየሰፋ ይገጣጥመው ነበር። ከ70,000 በላይ ስለ ተሠሩ፣ ያገለገለችውን በርካሽ ማግኘት ዛሬም አያስቸግርም። ኤ. ጄ. ማኪነን የተባለው መምህር በ1997 በአንዲት አሮጌ ሚረር ከእንግሊዝ ተነሥቶ፣ በአውሮፓ ወንዞች አድርጎ እስከ ጥቁር ባሕር ደርሷል።

ነገር ግን ርካሽነቷ አያታልልዎ። የጀማሪ ገዢ ዐይን ወዲያው የሚያርፈው በሸራው ላይ ነው። የተቀደደ ሸራ ግን ይሰፋል፤ ቢበዛ የአንድ ቀን ጉዞ ያስቀራል። ሕይወትን የሚነካው ሌላ ነው። በጀልባዋ ፊትና ኋላ፣ በግራና በቀኝም አየር የታፈነባቸው ክፍሎች አሉ። ብትገለበጥ እንዳትሰጥም የሚይዟት እነርሱ ናቸው። የብስክሌት ጎማ እንደሚፈተሽ ሁሉ፣ መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀብተው በማፍሰሻው ቀዳዳ ቀስ ብለው ይንፉ። አረፋ የተነሣበት ቦታ ሳይደፈን ጀልባዋ ወደ ውሃ አትግባ።

ቀጥሎ ደቀሉን፣ ማለት የሸራውን ምሰሶ ያቁሙ። አስቀድመው ግን ቀና ብለው ይመልከቱ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ቦታ ይለውጡ። ደቀሉን የሚይዙት ሦስት የሽቦ ገመዶች ናቸው፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ጎንና ጎን ይወጠራሉ። በጨርቅ ጠርገው ይፈትሿቸው፤ ጨርቁን የሚይዝ ሾህ ካለ፣ አንዱ ክር ተበጥሷልና ያ ገመድ አይታመንም። የጎኖቹ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከጀልባዋ ጋር የሚያያዘው በቀጭን የገመድ እስር ነው። እስሩ በፀሐይና በዝናብ ይበሰብሳል። ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ተበጥሶ ደቀሉን በተሳፋሪው ራስ ላይ ይጥላል። አዲሱ ገመድ ዋጋው ይህን ያህል አይደለምና፣ የቀድሞው ባለቤት ምንም ቢምልልዎ ይለውጡት።

የሚረር ደቀል አጭር ነው። ሸራውን ከፍ የሚያደርገው በደቀሉ ላይ በገመድ የሚሳብ ሁለተኛ እንጨት ነው። ስለዚህ እንጨቶቹ ሁሉ 3.3 ሜትር በምትሆነው ጀልባ ውስጥ ይከተታሉ። ይህ እንጨት ከደቀሉ ጋር ቀጥ ብሎ እስኪገጥም ድረስ ይሳቡት፤ ዝቅ ብሎ ከቀረ ሸራው ይጨማደዳል።

ከመሳብዎ በፊት ግን የጀልባዋን አፍንጫ ነፋሱ ወደሚመጣበት ያዙሩ። ያን ጊዜ ሸራው እንደ ባንዲራ ይርገበገባል እንጂ ኃይል አያገኝም። ጎኗን ለነፋስ ሰጥተው ቢስቡ ገና በመሬት ሳለች ልትገለበጥ ትችላለች። የነፋሱን መምጫ ለማወቅ በጎኑ ሽቦ ላይ አጭር የሱፍ ክር ይሰሩ፤ ከዚህ የሚሻል መሣሪያ ለጀማሪ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ በደረቅ መሬት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለማመዱት። የሚስቅብዎ ቢኖር ይሳቅ። ወደ ውሃው ሲገቡም የመንሳፈፊያ ሰደርያዎን በሚገባ ይቆልፉ፤ የፊተኛው ሸራ መሳቢያ ገመድም ከቀለበቱ እንዳያመልጥ ጫፉን ይቋጥሩት።