ከፍሳሽ ኩሬ ስንቅ የሚቋጥሩ መንገደኞች

ሜልበርን ዘመድ ጥየቃ የሄደ ኢትዮጵያዊ ፉትስክሬይን ሳያይ አይመለስም። እንጀራው፣ ቡናው፣ የአገር ልጅ ጨዋታው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ጂሎንግ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ ዌሪቢ ይደረሳል። በመላው አውስትራሊያ ስማቸው ከሚጠራ የወፍ መመልከቻ ቦታዎች አንዱ እዚህ ይገኛል፤ የከተማዋ ምዕራባዊ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ቤተሰብ ጭኖ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ መሄድ ለሰሚው ግር ይለው ይሆናል። እኔ ግን ሜልበርን አካባቢ የአንድ ቀን ሽርሽር ምረጥ ብባል ከዚህ የተሻለ አላገኝም።

በ1880ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሜልበርን ቆሻሻዋ በየመንገዱ ቦይ የሚወርድ፣ የታይፎይድ ወረርሽኝ የሚመላለስባት ከተማ ነበረች። በ1897 ፍሳሹን ሰብስቦ ወደ ዌሪቢ መላክ ተጀመረ። ዛሬ ጣቢያው ከ10,000 ሄክታር በላይ ይዞ የከተማዋን ፍሳሽ ግማሽ ያህል ይቀበላል። ወደ 300 የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎችም ታይተውበታል።

ወፎቹን የሚስበው ምንድን ነው? ፍሳሹ መጀመሪያ የሚገባው በተሸፈኑ ኩሬዎች ውስጥ ነው። ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ የሚወጣው ሜቴን ጋዝም ተይዞ ኤሌክትሪክ ይመነጭበታል። ውሃው ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተላለፈ ሲጠራ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አብሮት ይቆያል። አልጌ በዚህ ይፋፋል። አልጌውን ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትና እጮች ይበሉታል፤ እነሱን ደግሞ ወፎች። ለወፎቹ ተብለው ውሃ እንዲይዙ የሚደረጉ ኩሬዎችም አሉ።

ከጆሮው አጠገብ ትንሽ ሮዝ ምልክት ያለበትን ዳክዬ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሁለት ሆነው አንዱ ራሱን ወደ ሌላው ጭራ ያዞርና፣ ምንቃራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው እዚያው በዚያው ይሽከረከራሉ። ሽክርክሪቱ ከሥር ያለውን ምግብ ወደ ላይ ያወጣዋል። ሰፊው ምንቃራቸው ውሃውን አሳልፎ ምግቡን ያስቀራል።

ይህን ሁሉ ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይቻላል፤ እንዲያውም ይመረጣል። ወፎቹ በእግሩ የሚመጣ ሰው ሲያዩ ከሩቅ ይነሣሉ፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ግን ብዙም አያስበረግጋቸውም። ሞተር አጥፍቶ፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ ባይናኩላሩን መስኮቱ ላይ ማስደገፍ ነው። ጉልበታቸው ለደከመ እናትም፣ መቀመጥ ለሚሰለቸው ልጅም ይመቻል። አውስትራሊያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ያልለመደ እንግዳ መሪውን ለዘመዱ ይተው።

ከሁሉ በላይ የምትደንቀኝ ግን አንገተ ቀይ ስቲንት የምትባለው ናት። ክብደቷ 30 ግራም ገደማ ነው፤ ከአንድ እፍኝ ቆሎ አትከብድም። የምትፈለፈለው ሳይቤሪያ፣ በአጭሩ የዋልታ በጋ ነው። ወላጆቿ ቀድመዋት ይሄዳሉ። እሷ ሰንብታ፣ መንገድ የሚያሳይ ታላቅ ሳይኖራት፣ በየመንገዱ እያረፈች ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጣ አውስትራሊያ ትደርሳለች። አቅጣጫው ከዘሯ የወረሰችው ነው።

ጎድዊት የተባለው ረጅም ምንቃር ያለው ዘመዷ ደግሞ አያርፍም። በጥቅምት 2022 የሳተላይት መከታተያ የተገጠመለት የአምስት ወር ወጣት ወፍ ከአላስካ ተነሥቶ፣ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን በርሮ ታዝማኒያ ወረደ። ባሕር ላይ ማረፍ አይችልም፤ ካረፈ ይሞታል። ጎድዊት ከመነሣቱ በፊት የሰውነቱን ግማሽ ያህል ስብ ያከማቻል፤ በበረራው ሥራ የሌላቸው ጨጓራውና አንጀቱም ይኮማተራሉ።

እንዲህ ያለ መንገደኛ ስንቅ የሚቋጥርበት ቦታ ከጠፋ አለቀለት። ወደ ሰሜን ሲመለሱ ብዙዎቹ የሚያርፉት በቻይናና በኮሪያ መካከል ባለው የቢጫ ባሕር ጭቃማ ዳርቻ ነው። ደቡብ ኮሪያ በ2006 ሳማንጉም ላይ 33 ኪሎ ሜትር ግንብ ሠርታ ባሕሩን ስትዘጋ፣ ዓለም ከሚያውቃቸው ትልልቅ ማረፊያዎች አንዱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ግን ቻይና በ2019፣ ኮሪያም በ2021 የቀሩትን ዳርቻዎቻቸውን በከፊል በዓለም ቅርስነት አስመዝግበዋል። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ትልቅ ሥራ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። ዌሪቢ ላይ ከሚታዩት መካከል ምንቃሩ ወደ ታች የጎበጠው ከርሊው ሳንድፓይፐር ይገኛል። እሱም የሳይቤሪያ ልጅ ነው፤ ከወገኖቹ ከፊሉ ወደ አውስትራሊያ ሲወርድ ከፊሉ ወደ አፍሪካ መጥቶ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ይከርማል። አቢጃታ ሐይቅ ሲሸሽ የሚታጠፈው የእነዚህም እንግዶች ማዕድ ነው።

ወደ ዌሪቢ ለመሄድ ያሰባችሁ ጣቢያውን ከሚያስተዳድረው ሜልበርን ዋተር ፈቃድ አስቀድማችሁ አውጡ። ከሳይቤሪያ የሚመጡት በብዛት የሚገኙት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ጣቢያው ባሕር ዳር ስለሆነ ባሕሩ የሚሞላበትንም ሰዓት አጣሩ፤ የዳርቻው ጭቃ በውሃ ሲሸፈን ወፎቹ ወደ ኩሬዎቹ ዳር ይሰበሰባሉ። ያረፈ መንጋ ግን አታስነሡ። በከንቱ በተነሣ ቁጥር የሚያቃጥለው ለሳይቤሪያ መንገድ የቋጠረውን ስብ ነው።