ሬዲዮግራሙ ለምን ፈዘዘ? የቤት የድምፅ መሣሪያዎችን ገጽ ሳይጎዱ ስለማጽዳት

የበዓል ዋዜማ በየቤቱ የጽዳት ጊዜ ነው። ወለሉ ይወለወላል፣ መጋረጃው ይታጠባል፣ ሳሎን ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አቧራው ይራገፍለታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የፋሲካ ዋዜማ አንድ ባልደረባችን ከአባታቸው የወረሱትን ሬዲዮግራም ለማሳመር ተነሡ። የእንጨቱ ገጽ የብዙ ዓመት የዕጣንና የቡና ቁላት ጢስ ተከምሮበት ጠቁሮ ነበርና፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አልኮል በጥጥ ነክረው ይጠርጉት ጀመር። ጥጡ ወዲያው ቡናማ ሆነ። ባልደረባችንም እድፉ ለቀቀ ብለው ደስ አላቸው፤ በርትተውም ቀጠሉ። ሲነጋ ግን ገጹ ፈዞ፣ ዥንጉርጉር ሆኖ፣ እዚህም እዚያም የጥጡ ጭረት እንደ ታተመበት ደርቆ ተገኘ። ጥጡን ቡናማ ያደረገው እድፉ ብቻ አልነበረም፤ የእንጨቱ ቅብ ራሱ ጭምር ነበር።

ይህን ገጠመኝ ያነሣነው ባልደረባችንን ለመውቀስ አይደለም። ወደ ኋላ እንደምንገልጸው እኛም ከእርሳቸው ያልተናነሰ ጥፋት ፈጽመናል። የድምፅ መሣሪያ ጽዳት ተራ የቤት ሥራ መስሎ ቢታይም፣ በገጹ ላይ የሚካሄደው ነገር የብርሃንን፣ የሰበቃንና የሞለኪውሎችን መሳሳብ የሚመለከት ፊዚክስ ነው። ማጽጃ ፈሳሽ እድፍን ከቅብ የሚለይበት ዓይን የለውም፤ ማሟሟት የሚችለውን ሁሉ ያሟሟል። ስለዚህም ጥያቄው «የትኛው ማጽጃ ይበልጥ ብርቱ ነው?» ሳይሆን «እድፉን የሚያነሣ፣ ገጹን ግን የማይነካ የትኛው ነው?» የሚል ሊሆን ይገባል።

የማብረቅረቅ ምስጢር

አንድ ገጽ የሚያብረቀርቀው ልሙጥ ስለሆነ ነው ቢባል መልሱ ከፊል ብቻ ነው። ልሙጥነቱ በምን ይለካል? ለዓይናችን የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ መሆኑን ልብ ይሏል። የገጹ ወጣ ገባነት ከዚህ ርዝመት እጅግ ያነሰ ሲሆን ብርሃኑ እንደ መስታወት በአንድ አቅጣጫ ይንጸባረቃል። ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲስተካከል ወይም ሲበልጥ ግን ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ገጹም ደብዛዛ ሆኖ ይታየናል። እንግዲህ ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት በብዙ አሥር እጅ የሚያንስ ጭረት እንኳ ውበትን ለማጥፋት ይበቃል ማለት ነው።

ይህን ጭረት የሚፈጥረው በአብዛኛው ጨርቁ አይደለም፤ በጨርቁ ሥር የሚገባው አቧራ ነው። በበጋ ከደረቁ ነፋስ ጋር ወደ ቤታችን የሚገባው አቧራ ኳርትዝ የተባለውን ማዕድን ይዟል። የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚያስቀምጠው የሞህስ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ ይገኛል። የመስኮት መስታወት 5.5 አካባቢ ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም 3 አይሞላም፤ የሸክላ ማጫወቻ ክዳን የሚሠራበት አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክም ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል ይውላል። አቧራው ሳይራገፍ በደረቅ ጨርቅ ተጭነን ስንጠርግ፣ ንጹሕ ብለን የያዝነውን ጨርቅ የብርጭቆ ወረቀት አደረግነው ማለት ነው።

ደረቅ ጨርቅ ሌላም ጣጣ አለበት። ጨርቅና ፕላስቲክ ሲፋተጉ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ በገጹም ላይ የኤሌክትሪክ ሙል፣ በተለምዶ ቻርጅ የምንለው፣ ይቀራል። አክሪሊክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ሙሉ መሄጃ አጥቶ ለረጅም ጊዜ በስፍራው ይቆያል፤ በአየር ላይ የሚንሳፈፈውንም ብናኝ ይስባል። ብዙ ሰዎች «አሁን ጠርጌው አሁን አቧራ ለበሰ» እያሉ የሚማረሩበት ምክንያት ይኸው ነው። ባሻሹት መጠን ይብስበታል። በክረምት ወራት በዕቃው ገጽ ላይ የምታርፈው ስስ የእርጥበት ሽፋን ሙሉን ቀስ በቀስ ስለምታፈስሰው ችግሩ ይቀንሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር ግን ይጠነክራል። በመጠኑ የረጠበ ጨርቅ ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ያቃልላል፤ ብናኙን አቅፎ ያነሣል፣ ሙሉንም ያፈስሳል።

ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል

የኬሚስትሪ መምህራን ደጋግመው የሚያስተምሩት አንድ ሕግ አለ፤ አሟሚ ፈሳሽ የሚያሟሟው በጠባዩ የሚመስለውን ነው። የውሃ ሞለኪውል አንደኛው ጫፉ በመጠኑ አሉታዊ፣ ሌላው በመጠኑ አዎንታዊ ስለሆነ ጨውንና ስኳርን በቀላሉ ይበትናል። ዘይትና ሰም እንዲህ ያለ ጠባይ ስለሌላቸው ውሃን ይሸሻሉ፤ ከነጭ ጋዝ ጋር ግን ይስማማሉ። አልኮል በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። የሞለኪውሉ አንደኛው ወገን ውሃን፣ ሌላው ወገን ዘይትን ይመስላል። በዚህም ምክንያት ለውሃም ሆነ ለነጭ ጋዝ እምብዛም የማይበገሩትን ሙጫዎች ያሟሟል።

የሬዲዮግራሙ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ዕጣን የዛፍ ሙጫ ነው፤ ሲጨስ ከሚወጣው ተን ከፊሉ ቀዝቀዝ ባለው የዕቃ ገጽ ላይ አርፎ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይሆናል። አልኮል ይህን ሽፋን በሚገባ ያነሣል፤ ባልደረባችንም በዚህ አልተሳሳቱም። ነገር ግን በብዙ አሮጌ የእንጨት ዕቃዎች ላይ የተቀባው ጎማላካ፣ በሌላ ስሙ ሼላክ፣ እርሱም ሙጫ ነው። በሕንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሲሆን አናጢዎች በአልኮል አሟሙተው ይቀቡታል። አልኮሉ ሲተን ሙጫው ይደርቃል፤ ሌላ የተለየ ኬሚካዊ ለውጥ አያስፈልገውም። አልኮል ተመልሶ ሲመጣ ሙጫውም ወደ ነበረበት ይመለሳል። እድፉና ቅቡ የቅርብ ዘመዳሞች ነበሩ፤ አንዱን የሚያሟሟው ሌላውንም አሟሟ።

በነገራችን ላይ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በደቂቃ 78 ጊዜ እየዞሩ ይሰሙ የነበሩት የሙዚቃ ሸክላዎችም በአብዛኛው የተሠሩት ከዚሁ ሼላክና ከደቀቀ ድንጋይ ነበር። እነዚህ በአልኮል ከተጠረጉ ድምፁ የተቀረጸበት ቦይ ራሱ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው አምሃ ሪከርድስና መሰሎቹ ያሳተሟቸው የአገራችን ሸክላዎች ግን ቪኒል ከተባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ ጠባያቸው ሌላ ነው። ሁለቱንም «ሸክላ» ብለን ስለምንጠራቸው አንባቢ እንዳይሳሳት እናሳስባለን።

ከሁሉም ይልቅ የሚያታልለው ግልጹ የአክሪሊክ ክዳን ነው። ቃል በገባነው መሠረት የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በተማሪነታችን ዘመን በውጭ አገር ሳለን ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ ገዝተን ነበር። የክዳኑን የጣት አሻራ ለማስለቀቅ በአልኮል ጠረግነው፤ እንደ ብርሌም ጠራ። በማግሥቱ ከማጠፊያው አጠገብና በማዕዘኖቹ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የረቀቁ ስንጥቆች ታዩ። ምክንያቱን የተረዳነው ዘግይተን ነው። ፕላስቲኩ በፋብሪካ ተቀርጾ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ውጥረት ታምቆ ይቀራል፤ በተለይ በማዕዘኖችና ብሎን በሚገባባቸው ቀዳዳዎች አካባቢ። አልኮል አክሪሊክን እንደ ስኳር አያሟሟም፤ ነገር ግን በረጃጅሞቹ የፖሊመር ሰንሰለቶች መካከል ሠርጎ መያያዛቸውን ያላላል። የታመቀው ውጥረትም መውጫ ያገኝና ገጹን ይሰነጥቃል። አሞኒያ ወይም አልኮል ያለባቸው የመስታወት ማጽጃዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ክዳኑ መስታወት ቢመስልም መስታወት አይደለም። አሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ከዚህ አልፎ አክሪሊኩንም፣ ብዙዎቹን የፕላስቲክ ሣጥኖችም፣ ናይትሮ ሴሉሎስ የተባለውን የእንጨት ቅብም ያቀልጣል፤ ከድምፅ መሣሪያ አጠገብ ባይደርስ ይመረጣል።

የአምፕሊፋየር የፊት ገጽ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ያ የሐር ልስላሴ ያለው መልኩ የሚመጣው በኤሌክትሪክ አማካይነት በላዩ እንዲበቅል ከተደረገ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ሲሆን፣ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ5 እስከ 25 ማይክሮሜትር ነው። ሽፋኑ ጭረትን በእጅጉ ይቋቋማል። አልኮልም አይጎዳውም። ጠላቱ ሌላ ነው፤ በረኪና፣ የልብስ ዱቄት ሳሙናና ብርቱ አሲድ። ኦክሳይዱ በአሲድም ሆነ በአልካሊ ስለሚበላ፣ በበረኪና የተነከረ ጨርቅ የማይለቅ ነጭ ጠባሳ ጥሎበት ሊሄድ ይችላል። በላዩ የታተሙት ፊደላትና ቁጥሮች ደግሞ ከሽፋኑ ይልቅ ደካማ ናቸው። የጥርስ ሳሙና ያበራል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ የጥርስ ሳሙና ደቃቅ መፋቂያ ዱቄት ያለበት ስለሆነ ፊደሉን ይዞ እንደሚሄድ ይወቁት።

ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ በተሠሩ አንዳንድ መሣሪያዎች ላይ የሚታየው ጎማ መሰል ቅብ ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ይህ እድፍ አይደለም። ቅቡ ራሱ ከአየር እርጥበት ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ለውጥ እየፈረሰ ነው፤ ጽዳት አይመልሰውም።

ታዲያ እንዴት እናጽዳ?

በመጀመሪያ ከሶኬት መንቀል ነው። በቫኪዩም ቱቦ የሚሠሩ አሮጌ ሬዲዮኖች ከተነቀሉ በኋላም ካፓሲተሮቻቸው የብዙ መቶ ቮልት ሙል ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ሙያው የሌለው ሰው የውስጡን ክፍል ባይነካ ይሻላል።

ቀጥሎ አቧራውን ሳይጫኑ ማንሣት። ለስላሳ ጠጉር ያለው አዲስ የቀለም ብሩሽ ለዚህ ተስማሚ ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ገጹን እየዳሰሱ እንጂ እየፈተጉ አይደለም። የድምፅ ማጉያውን ወረቀት በጣት መንካትም ሆነ በአቧራ መጥመጫ መሳብ አይገባም፤ ብሩሹ ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ውሃ። የቧንቧ ውሃ የሟሙ ማዕድናት ስላሉበት ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። የተጣራ ውሃ ከተገኘ የተሻለ ነው፤ በነዳጅ ማደያዎች ለመኪና ባትሪ መሙያ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ያገለግላል፤ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ ግን ጽሑፉን ማንበብ የግድ ነው። አሮጌ የጥጥ ሸሚዝ ቁልፉና ስፌቱ ተቆርጦ ከወጣለት ከብዙ የተገዙ ጨርቆች የተሻለ መጥረጊያ ይሆናል። ጨርቁ ተጨምቆ ጠብታ የማይወርደው መሆን አለበት፤ ፈሳሽ በመሣሪያው ላይ ፈጽሞ አይረጭም፤ በየቁልፉ ቀዳዳ ይገባልና። ውሃው ካልበቃ በግማሽ ሊትር ውስጥ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል። የሳሙና ሞለኪውል አንደኛው ጫፉ ዘይቱን፣ ሌላው ውሃውን ስለሚይዝ ቅባቱን ከገጹ አላቅቆ ያነሣል እንጂ ቅቡን አያሟሟም። የዕጣን ጢስ በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ሦስትና አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ ጨርቁን እየለወጡ፣ በንጹሕ ውሃ እያለፉና እያደረቁ መመላለስ ይጠይቃል። በጎማላካ የተቀባ ገጽ ላይ ውሃ ቢቆይ ነጭ ደመና ስለሚያጠላበት በእርጥበቱ መተው አይገባም። ማንኛውንም ፈሳሽ አስቀድሞ ከሥር ወይም ከኋላ በኩል ሳንቲም በሚያህል ቦታ ላይ ሞክሮ አንድ ቀን ጠብቆ ማየት ይበጃል። እኛ አንድ ቀን ብንጠብቅ ኖሮ ክዳናችን አይሰነጠቅም ነበር።

ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ የቅርስ እድሳት ባለሙያዎች ለዘመናት በምራቅ ሲያጸዱ ኖረዋል። ሦስት የፖርቱጋል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ምራቅን ከተለመዱ አሟሚዎች ጋር አወዳድረው ብልጫ እንዳለው አሳይተዋል፤ ኃይሉም አሚሌዝ ከተባለው ኤንዛይም የመጣ ነው። ይህ ጥናት በ2018 የኢግ ኖቤልን ሽልማት አግኝቷል። ሬዲዮን በምራቅ እንጥረግ ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ለስላሳው ማጽጃ ብርቱውን ሊበልጥ እንደሚችል ያስረዳል።

እናቶቻችን በሬዲዮና በቴፕ ላይ የሚያለብሱት ዳንቴል ከሁሉ የተሻለ አቧራ መከላከያ ነው። መሣሪያው ሲከፈት ግን መነሣት አለበት፤ የሞቀው አየር መውጫ ሲያጣ ውስጡ ይጎዳል። በዳንቴሉ ላይ ውሃ የያዘ የአበባ ማስቀመጫ ማኖርስ ከቶ አይመከርም።

የባልደረባችን ሬዲዮግራም ኋላ ወደ አንድ አዛውንት አናጢ ተወሰደ። እርሳቸውም የተበላሸውን ጎማላካ በዚያው ባበላሸው አልኮል አለስልሰው፣ አስተካክለው፣ አዲስ ደርበውበት ገጹን እንደ ቀድሞው አደረጉት። ያልተመለሰው የጣቢያ መፈለጊያው መስታወት ነው። የከተሞቹ ስሞች የታተሙት በመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ ነበር፤ በዚያው ሌሊት ባልደረባችን መስታወቱን አውልቀው የውስጡንም በአልኮል ጠርገውት ነበርና፣ ዛሬ ቀስቱ የሚመላለሰው አንድም ፊደል በሌለበት ጥርት ያለ መስታወት ላይ ነው።