ከፍትፍቱ ፊቱ
የበዓል ማዕድ ለእንግዳ እንዴት ይሰናዳል?

በዓል ሲደርስ ቤት ይጠረጋል። ቄጠማ ይታጨዳል። ጠላ ይጠመቃል። እንግዳ ይጠበቃል። በፍኖተ ሰላምም፣ በቡሬም፣ በዙሪያቸው ባሉት ቀበሌዎችም ወጉ ይኸው ነው።

ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም ግእዝ ነው። ትርጉሙ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ቡሬ ደግሞ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በቡሬ ያልፋል። ወደ ነቀምት የሚወስደውም ከዚያው ይገነጠላል። መንገድ ባለበት አገር እንግዳ አይጠፋም። ልጅ ከከተማ ይመጣል። አማት ይመጣል። የክርስትና ልጅ ይመጣል።

ግን እንግዳ የሚመጣው መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ሰው ለበዓል ዘመዱ ዘንድ መድረስ ሳይችል ቀርቷል። ስለዚህ ደርሶ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለን እንግዳ ትልቅ ጸጋ ነው። ታዲያ ይህን እንግዳ በምን እንቀበለው?

በዕዳ ያማረ ማዕድ

አንድ ቤት እናስብ። ፋሲካ ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ባልና ሚስት ይነጋገራሉ።

«በግ ሳናርድ እንዴት እንግዳ እንቀበላለን? ከነጋዴው እንበደር እንጂ» ይላል ባል።

«የልጆቼ አባት፣ ብድሩን በምን እንከፍለዋለን? ለማዳበሪያ ያስቀመጥናትን ልናወጣ ነው እንዴ?» ትላለች ሚስት።

«ሰው ምን ይለናል?»

«ሰውማ በልቶ ይሄዳል። ዕዳው ግን ከእኛ ጋር ያድራል።»

ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ወዲያው የበቆሎ መዝሪያ ይመጣል። ዘርና ማዳበሪያ ይገዛል። ከዚያም ክረምት ነው። ጎተራው ይጎድላል። በበዓል ቀን የተበደረ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ገና ካልታጨደ እህል ላይ ነው። የበዓሉ ወጥ በአንድ ቀን ያልቃል። ዕዳው ግን እስከ መኸር ይከተላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አባቶቻችን ቅርጫ የሚባል ጥሩ ዘዴ አላቸው። ጎረቤቶች ገንዘብ ያዋጣሉ። አንድ በሬ ይገዛሉ። አርደው ሥጋውን እኩል መደብ መደብ ያደርጉታል። ከዚያ ዕጣ ይጣጣላሉ። አድልዎ የለም፤ ሁሉም የድርሻውን ይወስዳል። ብቻውን በግ መግዛት ያልቻለ ሰው በቅርጫ ሥጋ ያገኛል። ባልየውም ነገሩን አሰበና «እንግዲያው ከቅርጫው አንድ መደብ ይበቃናል፤ ዶሮም ከቤታችን አለች» አለ። ዕዳም ሳይገቡ በዓሉን ዋሉ።

ቤቱን ማሰናዳት

ያማረ ማዕድ ከንጽሕና ይጀምራል። መጀመሪያ ቤቱ ይጠረግ። ከዚያ ቄጠማው ይጎዝጎዝ። ለምለም ሣርም ቢሆን ይበቃል። ዋጋው የማጨድ ድካም ብቻ ነው። ነገር ግን ቤቱን ያለመልመዋል፤ ሽታውም ደስ ይላል።

በመደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከጭስና ከበር ነፋስ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ሌላው በበርጩማ ላይ ይቀመጣል።

ከዚያ መሶቡ ይወጣል። የእናቶቻችን የእጅ ሥራ ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋ ነው። በቀለም የተነከረው አክርማ ለቤቱ ጌጥ ነው። መሶብ ከአገልግሎት በፊት ይራገፍ፤ ይወልወል፤ ፀሐይ ላይ ይዋል። እርጥብ መሶብ እንጀራን ያሻግታል።

ማዕዱን መዘርጋት

እንጀራው ጫፉ በዙሪያው ወረድ እስኪል ድረስ ይነጠፍ። ያኔ ለሁሉም እኩል ይደርሰዋል። ወጡ ከመሐል ይጨለፍ። ዶሮ 12 ብልት ትወጣለች። እንቁላሉ ግን በሰው ልክ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ የእንግዳውን ቁጥር አስቡ። ለአንዱ ደርሶ ለሌላው የጎደለ እንቁላል ቅሬታ ያመጣል።

ድፎ ዳቦውን ታላቅ ሰው ይባርክና ይቁረስ። 55 ቀን የጾመ ሆድ ቅባት በአንድ ጊዜ ይከብደዋል። ብዙ ሰው በተልባ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ጥቂት ጥቂት እየበሉ መቆየት ይሻላል።

«በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልን እንግዳን ማስጨነቅም መጠን አለው። ጉርሻ ፍቅር ነው። ጠላና አረቄ እያስገደዱ መጋት ግን ፍቅር አይደለም። ለማይጠጣ ሰውና ለሕፃናት ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ይቀመጥ።

እጅና ጥሬ ሥጋ

ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ እጅ ማስታጠቡ ጥሩ ወግ ነው። አንድ ነገር እንጨምርበት፤ ሳሙና። በአንድ መሶብ ብዙ እጅ ይገባል። የአንዱ እጅ እድፍ የሁሉም በሽታ ይሆናል። ወጥ የሠራችው፣ ሥጋ የቆረጠውም በሳሙና ይታጠቡ።

ጥሬ ሥጋ ብዙዎቻችን እንወዳለን። ግን ኮሶ የሚይዘን ከጥሬ ሥጋ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ሣር ላይ ይቀራል። ከብት ሣሩን ይግጣል። እንቁላሉ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ትንንሽ ፍሬ ይሆናል። ያን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ኮሶ ይይዘዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው። ሥጋን አብስሎ መብላትና በመጸዳጃ ቤት መጠቀም። የያዘው ሰው ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ይውሰድ።

የተረፈ ወጥ ካለ ለነገ ሲቀርብ እስኪንተከተክ ድረስ ይሞቅ። ለብ ማለቱ ብቻ አይበቃም።

ያቺ ባለቤትስ?

አንድ ነገር ቀረን። ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ ያደረችው፣ እንጀራ የጋገረችው፣ ውሃ የቀዳችው ማን ናት? ብዙ ጊዜ ማዕድ ሲቀርብ እሷ ጓዳ ናት። የሚደርሳት ትርፍራፊው ነው። ይህ ያማረ ማዕድ ነው ትላላችሁ? ኧረ አይደለም! ባል ውሃ ይቅዳ፤ እንጨት ይፍለጥ። ወንድ ልጅም ቄጠማ ያምጣ፤ ሲኒ ይጠብ። ማዕዱ ሲባረክ ባለቤቷ ከመሶቡ ዙሪያ ትቀመጥ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእሷ ብንሰጥስ ምን ይጎድልብናል?

ባል የሞተባት፣ ልጅ የራቃት ጎረቤትም ትኖራለች። በበዓል ቀን ጭስ የማይታይበት ቤት ካለ ልጅ ልከን «ኑ፣ አብረን እንዋል» እንበል። ለአንድ ሰው ቦታ የማይበቃው መሶብ የለም።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል ያገራችን ሰው። እንግዳው ቤቱ ሲመለስ የሚያስታውሰው ስንት ዓይነት ወጥ እንደበላ አይደለም። ደጃፍ ላይ ሲደርስ ሁሉም ብድግ ብሎ «ቤት ለእንቦሳ!» እንዳለው ነው። እሱም «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ መርቆ ይገባል። ያ ምርቃት ብድር አያስፈልገውም።

እንኳን አደረሳችሁ!

ተወያዩበት
1. በመንደራችሁ ለበዓል ተበድሮ የተቸገረ ሰው አለ? በምን ሊያመልጥ ይችል ነበር?
2. ኮሶ ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው እንዴት ነው?
3. በሚመጣው በዓል የቤታችሁን ሥራ እንዴት ትከፋፈላላችሁ?