በአንድ አምፕሊፋየር ስንት ክፍል ይሰማል?

በዛሬው ጊዜ ቤት የሚያሠሩ ደንበኞች ሙዚቃው ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት በየክፍሉ እንዲሰማላቸው ይሻሉ። የዚህ ዕቃ አስመጪም ሆነ ባለሱቅ ከዋጋው አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባ ቁጥር አለ፤ ይኸውም በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው ኦም ነው።

ባለ 8 ኦም የሆኑ 2 ስፒከሮች ጎን ለጎን በአንድ መውጫ ላይ ሲቀጠሉ ኦሙ ወደ 4 ይወርዳል፤ 4 ስፒከሮች ሲሆኑ ግን 2 ብቻ ይቀራል። ኦሙ ባነሰ መጠን ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ይበዛል። ስለዚህ ከ4 ኦም በታች እንዳይሠራበት የተጻፈበት መሣሪያ ድምፁ ከፍ ሲል ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ለብዙ ክፍል የሚበጀው ለየክፍሉ የራሱ መውጫ ያለው አምፕሊፋየር፣ ወይም ኦሙ እንዳይወርድ የሚጠብቅ ማከፋፈያ ነው።

የክፍሎቹን ቁጥር ሳይጠይቅ የሸጠ ነጋዴ፣ የተቃጠለውን ዕቃ ከነቅሬታው መረከቡ አይቀርም።