ድስቱን በምን ታወርዱታላችሁ?

ረመዳን በመጣ ቁጥር በዚህ ዓምድ ስለ ቴምር፣ ስለ ሾርባና ስለ ሳምቡሳ ዘይት ብዙ ብለናል። ድስቱ ከእሳት ላይ የሚወርድበትን ጨርቅ ግን አንስተነው አናውቅም።

ለመግሪብ አምስት ደቂቃ ሲቀር ማእድ ቤታችን ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሾርባው ይንተከተካል፣ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ነው፣ ልጆች ቴምሩን ለመቁጠር ይገባሉ ይወጣሉ። የዛሬ ጥቂት ዓመት በእንዲህ ያለ ሰዓት አዛኑን ስሰማ አጠገቤ ያገኘሁትን ጨርቅ ብድግ አድርጌ የሾርባውን ድስት በሁለቱም ጆሮዎቹ ያዝኩ። ጨርቁ ጠረጴዛ የተወለወለበት፣ ገና ያልደረቀ ነበር። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ እጄ ተቃጠለ። መልቀቅ አልቻልኩም፤ የሦስት ዓመት ልጄ እግሬ ሥር ቆማለች። ወደ ኋላ ተመልሼ ድስቱን እስካስቀምጥ የቻልኩት ቃጠሎ ዛሬም በሁለት ጣቶቼ ላይ ምልክቱ አለ። ልጄን ምንም አልነካትም፣ አልሐምዱሊላህ።

ጥፋቱ የችኮላዬ ብቻ ሳይሆን የጨርቁም ነበር። ደረቅ ወፍራም ጨርቅ እጃችንን የሚጠብቀው በክሮቹ መካከል ባለው አየር ነው፤ አየር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ጨርቁ ሲረጥብ የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 20 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ «ያቀዘቅዛል» ብለው ሆን ብለው ነክረው የሚይዙ እህቶች የድስቱን ግለት ራሳቸው ወደ እጃቸው እየጠሩት ነው። ጨርቁ የጋለ ብረት ላይ ካረፈ ደግሞ ውኃው እንፋሎት ይሆንና መዳፍን ያቃጥላል።

ቆዳችን ደግሞ ብዙ አይችልም። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ይፈጥናል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ግን ማንንም አያጽናና፤ ከ60 በጣም ይርቃል። የሳምቡሳ ዘይት 180 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል።

ታዲያ በምን እንያዝ? በመጀመሪያ በምን እንደማንይዝ ልናገር። ብዙዎቻችን ጨርቅ ስናጣ የሂጃባችንን ጫፍ ወይም የዓባያችንን እጅጌ እንጠቀማለን። እኔም አድርጌዋለሁ። አብዛኛው የገበያ ሂጃብና ዓባያ የሚሠራው ከፖሊስተር ነው። ስስ ስለሆነ ሙቀት አያግድም፤ ነበልባል ወይም በእሳት የጋለ ብረት ሲነካው ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ማእድ ቤት ስትገቡ እጅጌያችሁን ሰብስቡ፣ የሂጃባችሁን ጫፍ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ቢቻል ለማብሰያ የጥጥ ሻሽ ለዩ። ወንድሞችንም ልጨምር። ለመስጂድ ኢፍጣር የሚቀርበው ትልቅ ድስት በማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ተይዞ ሲወርድ አይቻለሁ። ያ ከረጢት ፕላስቲክ ነው፤ 160 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። እዚያ ድስት አጠገብ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሕፃናት እንዳሉ አትርሱ።

የጨርቁን ዓይነት ለመለየት ከዳሩ አንድ ክር መዝዙና ከልጆች ርቃችሁ፣ በብረት ሳህን ላይ ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ለድስት አይሆንም።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ያረጀ ጋቢ ነው። ሲሠራ ጀምሮ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ መሀሉ አየር አለው። የመዳፍ ሁለት እጥፍ በሚያህል መጠን ቆርጣችሁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ በእጅ መርፌ መሀል ለመሀል ስፉት፤ ማንጠልጠያም አድርጉለት። ሁለት ጥንድ ሥሩ፤ አንዱ ታጥቦ ሲሰጣ ሌላው ደረቅ ሆኖ ይጠብቃል። ዋጋው የክር ብቻ ነው።

መጋገሪያ ምድጃ ያላቸው ቤተሰቦች ግን ጓንት ያስፈልጋቸዋል፤ እጅ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚቃጠለው ክንድም ጭምር ነውና። ስትገዙ ከእጅ አንጓ በላይ የሚደርሰውን ምረጡ። አጥልቃችሁ የሳህን ጠርዝ ጨብጡበት፤ ጣታችሁ ውስጡ የሚንሸራተት ከሆነ ይሰፋችኋል፣ ተዉት። የሲሊኮን ጓንት ውኃ አይመጥም፣ ለእንፋሎትም ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላሉ፤ ሆኖም የተጻፈበትን ቁጥር ሳታዩ አትግዙ። ውስጡ ጨርቅ ካለውና ያ ጨርቅ ከረጠበ ከእኔ የጠረጴዛ ጨርቅ አይሻልም። የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንትና የሕክምና ጓንት ለትኩስ ዕቃ አይደሉም። የትኛውም ዓይነት ቢሆን የሳሳ፣ የተቀደደ ወይም ዘይት የጠጣ ከሆነ አውጡት፤ ዘይት የጠጣ ጨርቅ እሳት ሲነካው እንደ ክር ኩራዝ ይነዳል።

ድስቱን ሳታነሱ የምታሳርፉበትን ቦታ አዘጋጁ፣ ልጆችን ከመንገዱ አውጡ፣ «ትኩስ!» በሉ። ክዳን ወይም አክንባሎ ስትከፍቱ ከእናንተ በተቃራኒ በኩል ያለውን ጠርዝ አስቀድማችሁ አንሱ፤ እንፋሎቱ ወደዚያ ይወጣል።

ቃጠሎ ከደረሰ ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ቶሎ አውልቁ፣ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያዙት። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያያችሁ ቁጠሩ። ቧንቧው ከሄደ ከጄሪካን በቀስታ አፍስሱ። በረዶ አታድርጉ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዱቄት፣ እንቁላል መቀባት ሙቀቱን ውስጥ ያፍናል፣ ቁስሉንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት። የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅና መገጣጠሚያ ከሆነ፣ ወይም ስፋቱ ከተጎጂው መዳፍ ከበለጠ፣ ወይም ቦታው ነጥቶ ሕመም የማይሰማው ከሆነ አትዘግዩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የውዱእ ነገር። ሐኪም ውኃ እንዳይነካው ያለውን ቁስል ለየሶላቱ እየፈቱ የሚያጥቡ እናቶች አጋጥመውኛል፤ ቁስላቸውም አልሽር ብሎ ቆየ። ፋሻ ላይ ማበስ የተፈቀደ መሆኑን ዑለማእ ያስተምራሉ፤ የእናንተን ሁኔታ ለመስጂዳችሁ ኡስታዝ ነግራችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ። እኔም ጠይቄ ነው ያን ረመዳን እስከ ዒድ ድረስ ፋሻዬን ሳልፈታ የሰገድኩት።